ያገረሸ የደም ካንሰርና የመድኃኒት ሙከራ፦ ከጣና ዳር ሲታይ

የደም ካንሰር አገረሸ የሚባለው በሕክምና ከደምና ከመቅኔ ጠፍቶ የነበረው በሽታ ተመልሶ ሲገኝ ነው። በልጆችና በወጣቶች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት አኩት ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያ ይባላል፤ በሆስፒታል ውስጥ የሚጠራው ግን በሦስት ፊደል፣ «ኤ ኤል ኤል» ተብሎ ነው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያልበሰሉ ነጭ የደም ሴሎች ያለ ልክ ይባዙና የቀዩን የደም ሴልና የፕላትሌትን ቦታ ይይዛሉ። ልጁ ይገረጣል፤ ትኩሳቱ ሄድ መለስ ይላል፤ ድዱ ወይም አፍንጫው ይደማል፤ አጥንቱን እያመመው ማንከስ ይጀምራል።

ሕክምናው ከሁለት ዓመት በላይ የሚዘልቅ የኬሞ መርሐ ግብር ነው። ቪንክሪስቲን በደም ሥር፣ አስፓራጂኔዝ በመርፌ፣ ሜቶትሬክሴት በጀርባ አጥንት በኩል ወደ አከርካሪ ፈሳሽ፣ ፕሬድኒሶሎን በአፍ ይሰጣል። ከሁሉ ረጅሙ ጊዜ የሚያልፈው ግን በሆስፒታል ሳይሆን በቤት ነው፤ እናት የመርካፕቶፑሪንን እንክብል በምላጭ ለሁለት እየከፈለች ማታ ማታ የምትሰጥበት ጊዜ። የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ በአብዛኞቹ ልጆች መቅኔ ውስጥ ካንሰሩ በማይክሮስኮፕ አይታይም። ሐኪሞች ይህን «ሪሚሽን» ይሉታል። ቤተሰብ «ዳነ» ይለዋል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ሕይወት አስከፍሏል፤ ልጁ ፊቱ ሞልቶ፣ ፀጉሩ በቅሎ፣ ኳስ ሲራገጥ እየታየ መድኃኒቱ የሚቋረጠው በዚህ ጊዜ ነውና።

ሕክምናው ሙሉ በሙሉ በሚሰጥባቸው ሀብታም አገሮች ከ10 ልጆች 9 ያህሉ ይድናሉ። እንደዚያም ሆኖ ከ100 ልጆች በ10 ወይም በ15 ያህሉ ላይ በሽታው ያገረሻል። ግርሻ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። በሽታው በታወቀ በ18 ወር ውስጥ የተመለሰው ከሁሉ የከፋ ሲሆን፣ ሕክምናው ካለቀ ከስድስት ወር በኋላ የመጣው የተሻለ ተስፋ አለው። በመቅኔ፣ በአንጎልና በአከርካሪ ፈሳሽ፣ በወንዶች ልጆች ደግሞ በዘር ፍሬ ሊመለስ ይችላል። ሴሎቹ የቀድሞውን መድኃኒት ስለተላመዱት ያንኑ ኬሞ መድገም ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። የመቅኔ ንቅለ ተከላና የመድኃኒት ሙከራ የሚነሱትም እዚህ ላይ ነው።

የመድኃኒት ሙከራ በሰው ላይ የሚደረግ፣ አስቀድሞ በተጻፈ ዕቅድ የሚመራ ጥናት ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በጥቂት ሕሙማን ላይ ምን ያህል መጠን እንደሚቻል ይለካል፤ ሁለተኛው መድኃኒቱ በሽታውን መንካት አለመንካቱን ያያል፤ ሦስተኛው ከነባሩ ሕክምና ጋር ያነጻጽራል። በመጀመሪያው ምዕራፍ የገባ ልጅ ሊጠቀም ይችላል፤ የጥናቱ ዓላማ ግን እሱን ማዳን ሳይሆን መጠኑን ማወቅ ነው። ይህን ሳይሸፋፍን ለወላጅ የሚናገር ሐኪም ሥራውን ያወቀ ነው።

ዛሬ እንደ ተራ ሕክምና የሚታዩት መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ወቅት ሙከራ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 የቦስተኑ ሐኪም ሲድኒ ፋርበር አሚኖፕቴሪን በተባለ መድኃኒት በልጆች ላይ ያገኘውን ጊዜያዊ መሻል አሳተመ፤ ልጆቹ አገረሸባቸው፣ መንገዱ ግን ተከፈተ። በእኛ ዘመን የሚጠቀሰው የኤሚሊ ዋይትሄድ ታሪክ ነው። ሁለት ጊዜ ያገረሸባት ይህች አሜሪካዊት ልጅ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በ6 ዓመቷ፣ በፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ከራሷ ደም የተወሰዱና ካንሰሩን ፈልገው እንዲያጠቁ በቤተ ሙከራ የተለወጡ ሴሎች ተሰጧት። ሕክምናው «ካር ቲ» ይባላል። ሰውነቷ ክፉኛ ተቆጥቶ ለሞት ተቃርባ ነበር፤ ለሌላ በሽታ የተሠራ ቶሲሊዙማብ የተባለ መድኃኒት መለሳት። ከእሷ በኋላ ኤሊያና የተባለው ሙከራ በ11 አገሮች፣ በ25 ሆስፒታሎች ተካሄደ። ሴሎቹ ከተሰጧቸው 75 ልጆችና ወጣቶች 81 በመቶው በሦስት ወር ውስጥ ካንሰሩ ጠፋላቸው፤ ዓመት ሲሞላ በሽታው ሳይመለስ የቆዩት ግን ግማሽ ያህል ነበሩ። ከ11ዱ አገሮች መካከል አንድም የአፍሪካ አገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሕክምናው ሲፈቀድ የተተመነለት ዋጋ 475 ሺህ ዶላር ነበር።

በጣና ዳር ነገሩ ከዚህ ብዙ ቀደም ብሎ ይጀምራል። በደንቢያ፣ በፎገራ ወይም በደቅ ደሴት ያለ ልጅ ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ረግረጉና ሩዝ እርሻው የወባ አገር ነውና መታሰቡ አያስወቅስም። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ባለው ሊቦ ከምከም ወረዳ ደግሞ ሌላ አሳሳች በሽታ አለ። ካላዛር ትኩሳት ያመጣል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ደምን ያሳንሳል፤ ከደም ካንሰር ጋር መንታ ይመስላል። ካላዛር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 በወረዳው በወረርሽኝ መልክ እስኪታወቅ ድረስ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ተቆጥሮ ነበር። ካላዛርንና የደም ካንሰርን የሚለየው ከዳሌ አጥንት በመርፌ የሚቀዳ የመቅኔ ናሙና ነው፤ በአንደኛው ተውሳኩ፣ በሌላው ያልበሰለው ነጭ ሴል በመስተዋት ላይ ይታያል። እስከዚያ ድረስ ጤና ጣቢያው፣ የግል ክሊኒኩ፣ ጠበሉም በየተራ ይሞከራሉ። ጠበሉ ከሕክምና ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ የሚያጣላ ነገር የለም፤ የሚጎዳው «ክኒኑን ተወው» ተብሎ ሲጀመር ነው።

ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የተባሉ ሁለት ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏት። የልጆች ካንሰር ሕክምና ግን ረጅም ጊዜ ያተኮረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሆን፣ ጎንደርና ጅማም ተጨምረዋል። ጎንደር ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ዓባይን ተሻግሮ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። በየሁለት ሳምንቱ መርፌ ላለበት ልጅ ይህ ርቀት ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋ የሚዘለለው መርፌ ደግሞ ግርሻን የሚጠራ መርፌ ነው።

የቤተሰብን ሸክም በኢትዮጵያ ወደ አደባባይ ካወጡት አንዱ አቶ ወንዱ በቀለ ናቸው። ልጃቸው ማቲዎስ በ4 ዓመቱ በደም ካንሰር ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 ከባለቤታቸው ጋር ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ድርጅቱ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያና መድኃኒት እያቀረበ ቆይቷል። ማረፊያ ከሕክምና ሙከራ ጋር የማይገናኝ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አልጋ ያጣ ቤተሰብ ቀጠሮ አያከብርም፣ ቀጠሮ ያልተከበረበት ጥናትም ውጤት የለውም።

ታዲያ ላገረሸበት የጣና ዳር ልጅ ሙከራ የሚባል ነገር የማይታሰብ ነው? አካባቢው ራሱ የሚሰጠው መልስ ከሚጠበቀው የተለየ ነው። ዓለም አቀፍ ደረጃቸውን የጠበቁ የመድኃኒት ሙከራዎች ከሐይቁ ሰሜን፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ሲካሄዱ ቆይተዋል፤ በካንሰር ሳይሆን በካላዛር ላይ። ነባሩ ሕክምና በቀን ሁለት መርፌ ለ17 ቀን የሚወጋበት፣ አንደኛው መድኃኒት ልብን የሚፈታተን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2020 በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ 439 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ከ4 ዓመት ልጆች ጀምሮ ነበሩበት። ግማሾቹ ነባሩን፣ ግማሾቹ ፓሮሞማይሲን መርፌና በአፍ የሚወሰድ ሚልቴፎሲን ለ14 ቀን ወሰዱ። ከስድስት ወር በኋላ የዳኑት በሁለቱም ወገን ከ100 ወደ 91 ግድም ሆኑ፤ አዲሱ በመርፌ ቁጥርም በመርዛማነትም ቀለል ያለ ነበር። ስድስት ወር የተጠበቀው ሕመምተኛው ከአልጋ ሲነሳ ሳይሆን ሳያገረሽበት ሲቆይ ነው መዳኑ የሚታወቀው ተብሎ ነው። ሚልቴፎሲን መጀመሪያ የተጠናው ለካንሰር መድኃኒትነት መሆኑ የታሪኩ ምፀት ነው።

ከዚያም በፊት በጎንደርና በአብዱራፊ ኤች አይ ቪ ያለባቸው የካላዛር ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ነበር። አምቢሶም የተባለ መድኃኒትና ሚልቴፎሲን አንድ ላይ ሲሰጡ የተሻለ እንደሚሠሩ አሳየ፤ ውጤቱ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ላወጣው መመሪያ አንድ መሠረት ሆነ። ከእነዚህ ተሳታፊዎች ብዙዎቹ ወደ መተማና ሑመራ ለአዝመራ ወርደው የታመሙ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ክትትል አይሆንላቸውም የሚባሉት ሰዎች ተከታትለው ዓለም የሚጠቀምበትን እውቀት አስገኝተዋል።

በልጆች ካንሰርም ቢሆን አፍሪካ ባዶ እጇን አይደለችም። የካምፓላው የኡጋንዳ ካንሰር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1967 ሲከፈት ዋና ሥራው በበርኪት ሊምፎማ የተያዙ ልጆችን በሙከራ ማከም ነበር። በርካታ የኬሞ መድኃኒቶችን ማጣመር ምን ያህል እንደሚያድን ከታየባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ ሥራውን የመራው ጆን ዚግለር እ.ኤ.አ. በ1972 የላስከር ሽልማት ከተሰጣቸው አንዱ ሆነ።

ስለዚህ የጎደለው ሙከራ የማካሄድ ችሎታ አይደለም፤ ሙከራው የሚቆምበት ወለል ነው። ማንኛውም የግርሻ ሙከራ ከበሩ ላይ የሚጠይቀው የካንሰሩ ሴል ላዩ ላይ ምን ምልክት እንደያዘ፣ በመቅኔ ውስጥ ምን ያህል ቅሪት እንዳለ፣ የመጀመሪያው ሕክምና በትክክል ምን እንደነበር ነው። የመጀመሪያው ኬሞ በመድኃኒት እጥረት ተቆራርጦ ከነበረ፣ የተመለሰው በሽታ መድኃኒት የተላመደ ይሁን መድኃኒት ያላገኘ አይለይም። ለግርሻ ከተፈቀዱት አንዱ የሆነው ብሊናቱሞማብ ደግሞ 28 ቀን ያለማቋረጥ በፓምፕ የሚንጠባጠብ ነው። መብራት በሚጠፋበት ክፍል ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ሕጉስ? በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በኢትዮጵያ የመድኃኒት ሙከራ ያለ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አይጀመርም፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ዕቅዱን መርምሮ ማጽደቅ አለበት። ወላጅ የስምምነት ቅጽ በሚገባው ቋንቋ ይነበብለታል፤ ማንበብ ካልቻለ ምስክር ባለበት በአውራ ጣቱ ይፈርማል። ነገሩን ለመረዳት የደረሰ ልጅም እሺታው ይጠየቃል። በማንኛውም ቀን ምክንያት ሳይሰጡ መውጣት ይቻላል፤ የወጣ ልጅ የተለመደ ሕክምናው አይከለከልበትም። ለወላጅ የሚከብደው ዕጣው ነው። በዕቁብ ዕጣ ያልደረሰው ቆይቶ ይደርሰዋል፤ በሙከራ ዕጣ የትኛው ወገን ዕድለኛ እንደሆነ ግን ሐኪሙም አያውቅም። ቢያውቅማ ዕጣ ማውጣቱ ነውር በሆነ ነበር።

አቅም ያላቸው፣ ወይም ከብትና መሬት ያሟጠጡ፣ ወይም በየጎዳናው ገንዘብ የተሰበሰበላቸው ቤተሰቦች ወደ ሕንድ ይሄዳሉ። እዚያ ተከፍሎበት የሚሰጠው ንቅለ ተከላም ሆነ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የተፈቀደው ኔክስካር 19 የተባለው ካር ቲ፣ ሕክምና እንጂ ሙከራ አይደለም። ሙከራ ከሆነ የሚሞከረውን መድኃኒት የሚያቀርበው ጥናቱን የሚያካሂደው ወገን ነው፤ «በሙከራ እናስገባችሁ» ብሎ የመድኃኒት ዋጋ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ የጥናቱ የምዝገባ ቁጥር ይጠየቅ፤ ቁጥር ከሌለው ብር አይሰጠው።

ከሁሉ በፊት ግን ወረቀት ይጠበቅ። የመጀመሪያው የመቅኔ ውጤት፣ እያንዳንዱ ኬሞ የተሰጠበት ቀንና መጠን፣ የተዘለለው ሳምንት ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ በቤት ይቀመጥ። ጎንደርም ሆነ ጥቁር አንበሳ፣ ዴልሂም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ያገረሸበትን ልጅ የሚቀበል ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ነው።