እግር ሲከዳ፦ ታይሮይድና የፖታሲየም ማነስ

አንድ ወጣት እናስብ። ኦምዱርማን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲሸከም ውሎ ማታ ጠግቦ በላ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጣና ተኛ። ሌሊት ልነሳ ቢል እግሩ እምቢ አለው። አእምሮው ደህና ነው፣ ይናገራል፤ ጭኑ ግን አይታዘዝም። አንዱ ጓደኛው «መጋኛ መታው» ይላል፤ ሌላው «ደክሞት ነው፣ ሻይ ስጡት» ይላል።

ነገሩ ግን የታይሮይድ በሽታ ሊሆን ይችላል። ታይሮይድ አንገት ላይ ያለች ዕጢ ናት። ከመጠን በላይ ስትሠራ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም በድንገት ወደ ጡንቻ ይገባና ደሙ ውስጥ ይጎድላል። ጤነኛ ሰው በአንድ ሊትር ደም ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ አለው። ከዚህ በጣም ከወረደ ሰውነት ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ አልፎ አልፎም መተንፈስ ያቅታል። ለሞት የሚያደርሰው ይሄ ነው። አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንዳሉት ማለት ነው።

በአብዛኛው የሚይዘው ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉ ወንዶችን ነው። ከከባድ ሥራ በኋላ ሲያርፉ ወይም ጣፋጭና እህል የበዛበት ምግብ ሲበሉ ይነሳል። እንቅርት ያለበት ሁሉ አያገኘውም። ምልክቶቹ እየበሉ መክሳት፣ የልብ መምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ መብዛትና ሙቀት አለመቻል ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙዎቻችን ሲደክመን «ግሉኮስ ይሰካልኝ» እንላለን። እዚህ ላይ ግን ስኳሩ ፖታሲየሙን ይበልጥ ያወርደዋል። ስለዚህ በሽተኛውን ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱ፤ መርፌ ከመሰካቱ በፊት ታይሮይድ እንዳለበት ተናገሩ። በዓረብኛ «ጉዳ ደረቂያ» ይባላል። የደም ፖታሲየምና የልብ ምርመራ ይደረግለት። ፖታሲየም ገዝቶ በራስ መውሰድም አደጋ አለው፤ ሕመሙ ሲለቅ ፖታሲየሙ ተመልሶ ወደ ደም ስለሚገባ ከልክ በላይ ሆኖ ልብ ሊያቆም ይችላል።

ዘላቂው መፍትሔ ታይሮይዱን ማከም ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ በኻርቱም ብዙ ሆስፒታሎች ሥራ አቁመው ነበር፤ የኦምዱርማኑ አል ናው በድብደባ መካከል ሲያክም ቆይቷል። በዚህ ዓይነት ጊዜ መድኃኒት ይቋረጣል። እናም የሐኪም ወረቀታችሁን ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ፤ መድኃኒቱ ሳያልቅ ለካምፑ ክሊኒክ ንገሩ። ጓደኛችሁም ሕመማችሁን ይወቅ፤ ሌሊት እግር ሲከዳ የሚናገርላችሁ እሱ ነው።