የሊበን ሜዳ ብርቅዬ ወፍ ህልውና ከግጦሽ ሣሩ ጋር ተሳስሯል

በደቡብ ኢትዮጵያ በነጌሌ ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው የሊበን ሜዳ የምትኖር አንዲት አነስተኛ ዘማሪ ወፍ በመጥፋት አፋፍ ላይ ከሚገኙ የዓለማችን አእዋፍ አንዷ ናት። በእንግሊዝኛ «ሊበን ላርክ» የምትባለው ይህች ወፍ በሥፍራው በተመራማሪዎች እጅ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር።

ወፏ የድንቢጥ ያህል መጠን ያላት ሲሆን፣ ራሷ ትልቅ፣ አንገቷ ቀጭን፣ ጅራቷ አጭር ነው። የቡናማ ላባዎቿ ጠርዝ ፈዘዝ ያለ በመሆኑ ጀርባዋ የዓሣ ቅርፊት የተነጠፈበት ይመስላል። ይህ መልኳ ከደረቀ ሣር ጋር ስለሚመሳሰል በቀላሉ አትታይም። አብዛኛውን ጊዜዋን በሣር መካከል እየተራመደች ታሳልፋለች። በመራቢያ ወቅት ተባዕቱ ወደ ላይ ተነሥቶ በአየር ላይ እየተርገበገበ ይዘምራል። ጎጆው የሚሠራው መሬት ላይ በሣር ሥር በመሆኑ በከብት ኮቴ ለመረገጥ የተጋለጠ ነው።

በሜዳው ላይ የተካሄደ ጥናት ወፏ ቁመቱ ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ጥቅጥቅ ያለ ሣር እንደምትመርጥ፣ ከተራቆተ መሬት፣ ከእርሻና ከቁጥቋጦ ግን እንደምትርቅ አረጋግጧል። በዚሁ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2009 ባሉት ሁለት ዓመታት ብቻ በቆጠራ መስመሮች ላይ የታዩት ወፎች ቁጥር በ40 በመቶ ቀንሷል። በዚህም ምክንያት በአፍሪካ ዋና ምድር በታሪክ ተመዝግቦ የጠፋ የመጀመሪያው የወፍ ዝርያ ልትሆን ትችላለች የሚል ስጋት ተፈጥሯል።

ለችግሩ መንስኤ የሆኑት ሦስት ናቸው። እነርሱም ከአቅም በላይ የሆነ ግጦሽ፣ የሜዳው ለእርሻ መታረስና የቁጥቋጦ መስፋፋት ናቸው። አርብቶ አደሩ ቀደም ሲል አሮጌ ሣር በማቃጠል ቁጥቋጦውን ይቆጣጠር እንደነበር፣ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን እሳት መልቀቅ በመከልከሉ ቁጥቋጦው እንደተስፋፋ ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት በጅግጅጋ አካባቢ የተገኙት ተመሳሳይ ወፎች ከሊበኖቹ ጋር አንድ ዝርያ መሆናቸውን አመልክቷል። ይህም ዝርያው በሁለት ሥፍራ እንዳለ ቢያሳይም፣ የጅግጅጋው ሜዳም በእርሻና በግጦሽ ጫና ሥር በመሆኑ ስጋቱን አላስወገደውም።

መፍትሔው ከአካባቢው ባህል የራቀ አይደለም። የቦረና ኅብረተሰብ ለጥጆችና ለድርቅ ወቅት ሣር የሚከልልበት «ካሎ» የተሰኘ ነባር ሥርዓት አለው። በሊበን ሜዳም ኅብረተሰቡና የጥበቃ ድርጅቶች በመተባበር ካሎዎችን ከልለው ሣሩ እንዲያገግም አድርገዋል። በተከለለው ሥፍራ ለከብቱ መኖ፣ ለወፏም መጠለያ ይገኛል።

ስለሆነም የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ የሚሰጡ የወረዳና የዞን ኃላፊዎች ሜዳውን ለእርሻ ከመፍቀዳቸው በፊት ጉዳዩ የአንዲት ወፍ ብቻ አለመሆኑን ሊያጤኑ ይገባል። ወፏ የምትጠፋበት መሬት ሣሩን ያጣ መሬት ነውና በድርቅ ዘመን ለአርብቶ አደሩም መሸሻ አይሆንም።