ደብዳቤና አደራ በቀይ ባሕር ላይ

በጅዳ፥ በሰቢል ሰፈር፥ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፥ አንዲት የወሎ ልጅ የውክልና ሰነዷን በላስቲክ ጠቅልላ፥ የወንድሟን ስምና ስልክ ቁጥር ከላዩ ጽፋ፥ በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ለሚሳፈሩ ሽማግሌ ስትሰጥ አየሁ። «ጋሼ፥ አደራዎን በእጁ ይስጡልኝ፤ መልሱንም ይንገሩኝ» አለቻቸው። እሳቸውም ወረቀቱን ከጉያቸው ከትተው እጃቸውን በላዩ ጫኑበት። አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ ነውና።

ይህ ባሕር የመንግሥታትን መልእክት እንዲሁ በሰው ጉያ ሲያሻግር የኖረ ነው። ጅዳ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ647 ዓ.ም. በኸሊፋ ዑስማን ዘመን የመካ ወደብ ከመሆኗ አስቀድሞ፥ ወደቡ ሹዐይባ በነበረበት ጊዜ፥ በ615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ ሐበሻ ተሰደው ከንጉሡ ጥላ ሥር በተጠለሉ ጊዜ፥ የቁረይሽ መኳንንት ሁለት መልእክተኞችን የቆዳ እጅ መንሻ አስይዘው ስደተኞቹ ይመለሱላቸው ዘንድ ላኩ። የእስልምና ታሪክ ጸሐፍት እንደሚተርኩት፥ ንጉሡ የሁለቱን ወገን ቃል ከሰሙ በኋላ እጅ መንሻውን መልሰው መልእክተኞቹን አሰናበቷቸው። በ628 ገደማ ግን ዐምር ኢብን ኡመያ ከነቢዩ ተልኮ በመጣ ጊዜ፥ ምላሹ ስደተኞቹን በጫኑ ሁለት መርከቦች ተፈጸመ።

መልእክት አድራሽ በሌላም አገር የተከበረ ነበር፤ ርቃ በምትገኘው በስኮትላንድ፥ የአበርዲን ከተማ ሹማምንት በ1590 ደብዳቤ የሚያደርስላቸውን ሰው ሰማያዊ ልብስ አልብሰው፥ የከተማይቱን አርማ በብር አሠርተው በቀኝ እጅጌው ላይ አደረጉለት፤ በእርሱ እግር ከተማይቱ ራሷ ትሄድ ነበርና። በአገራችንም መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ራስ ላይ ሰክቶ፥ ለሁሉ እያሳየ ይጓዝ ነበር።

የደብዳቤ ክብር ግን በመድረሱ ብቻ አይፈጸምም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በእንግሊዙ ቆንስል በካሜሮን በኩል ተልኮ ለንደን ደረሰ፤ ነገር ግን በጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ ተዘንግቶ ቀረ። መልሱ በእንግሊዝ መልእክተኛ በሆርሙዝድ ራሳም እጅ ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት የቀረበው በ1866 መጀመሪያ ነበር። በዚያ መካከል ቆንስሉ ታስሮ፥ የንጉሠ ነገሥቱ ቅሬታ ወደ ቂም ተለውጦ፥ ፍጻሜው በ1868 የመቅደላ ጥፋት ሆነ። መልእክቱን ባሕር አልዋጠውም፥ ሽፍታም አልቀማውም፤ የጎደለው መላሽ ብቻ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የፖስታ ሥራን አቆሙ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን ከዓለም የፖስታ ማኅበር ገባች። እግረኛው በባቡር፥ ባቡሩም በአውሮፕላን ተተካ። ዛሬ የሰቢል ሰው ድምፁን በስልክ በቅጽበት ይሰዳል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን ገና ከጉያ ወደ ጉያ ይሻገራል።

ስለዚህ በየጽሕፈት ቤቱ የተቀመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከስደተኛ የመጣ ወረቀት ከጠረጴዛችሁ ሲደርስ፥ ሽማግሌው እጃቸውን የጫኑበትን አደራ መቀበላችሁን አስቡ። እሳቸው ድርሻቸውን ፈጽመዋል፤ የቀረው መልሱ ነው።