መኪናው የሚጮኸው መቼ ነው? አሮጌ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁን እንዴት ትለያላችሁ

ብዙዎቻችን ለፍተን ያጠራቀምነውን ወደ አገር ቤት ስንልክ አንዱ ሐሳባችን መኪና ነው። ወንድሜ ይሥራበት፣ ስመለስ ደግሞ የእኔ ይሆናል እንላለን። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ (በፈረንጆች 2024 መጀመሪያ) ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች፣ የቤንዚን መኪና የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው እዚያው ሲነዳ የኖረውን ነው። አሮጌ መኪና ደግሞ ድምፅ አያጣም። ጥያቄው የቱ ድምፅ ብር ይበላል፣ የቱስ ምንም አይደለም የሚለው ነው።

እኔ የቤት ሠራተኛ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ካራንቲና በሳምንት ሁለት ቀን የጋራዥ ቢሮ አጸዳለሁ። ሰፈሩ ወደቡ አጠገብ ነው፣ መጋዘንና ጋራዥ ይበዛበታል። ሰኞ ሰኞ ወደዚህ ጋራዥ የሚመጡት እሑድ በኃይል ሲነዱ የዋሉ ቢኤምደብሊውዎች ናቸው። ሊባኖስ ውስጥ ተራራ ላይ ምቴይን የሚባል ቦታ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ አለ፣ ጎማ እያንሸራተቱ መንዳትም እዚህ አገር በጣም ይወደዳል። እነዚህ መኪናዎች ለእኛ ጥሩ አስተማሪ ናቸው። ለምን መሰላችሁ? ተራ መኪና በአሥር ዓመት የሚደርስበትን ድካም እነሱ በጥቂት ቀን ስለሚያዩት ነው። መካኒኮቹም ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት «ምን ያህል ይጮኻል?» ብለው ሳይሆን «መቼ ነው የሚጮኸው?» ብለው ነው። የዛሬው ጽሑፍ ዋናው ነገር ይህ ነው።

ኃይሉ በየት በኩል ያልፋል?

ሞተር የሰጠው ኃይል በፍሪሲዮን ወደ ካምቢዮ ይገባል። ቢኤምደብሊውም ሆነ አገር ቤት የምናውቀው ሃይስ ሚኒባስ የሚገፉት በኋላ ጎማ ስለሆነ፣ ኃይሉ ከካምቢዮ በረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ሄዶ ዲፈረንሻል ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ለሁለቱ ጎማ ይከፈላል። እንደ ቪትዝ ያለው በፊት ጎማ የሚጎተት መኪና ግን ረጅሙ ዘንግ የለውም፣ ዲፈረንሻሉም ከካምቢዮው ጋር አብሮ ነው የተሠራው።

ስሙን በሁለቱም አገር እወቁት። አገር ቤት ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ የምንለው ከጣልያን የመጣ ነው። ቤይሩት ደግሞ ከፈረንሳይ ስለወሰዱት ቪቴስ፣ ድብሪያጅ፣ ሩልማን ይሉታል። ዕቃው አንድ ነው።

በኃይል ሲነዳ ምን ይሆናል?

ሙቀት ነው ነገሩ። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ከመጠን በላይ ሲግል ይቀጥናል፣ ጥርስ ከጥርስ በደንብ አይለይም። ኩርባ ላይ ክብደቱ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ስለሚጣል የጎማ ኩሽኔታ ይጎዳል። ነዳጅ ድንገት ሲረገጥና ሲለቀቅ ዕቃ የሚይዙት ጎሚኒዎች ይቀደዳሉ። ይህ የውድድር ሜዳ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ከቤይሩት ወደ በቃዕ የሚወስደው መንገድ ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ ዳህር ኤል ባይዳር ላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወጣል። አገር ቤትም ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር መኪና የዓባይ በረሃን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣዋል። ሰው ሞልቶ እዚያ የሚመላለስ ሚኒባስ ሁልጊዜ ውድድር ላይ እንዳለ ቁጠሩት።

የማያስደነግጥ ድምፅ

መኪና ሮጦ ከቆመ በኋላ ከሥር «ጢቅ ጢቅ» ቢል የጭስ ማውጫው ብረት እየበረደ ሲኮማተር ነው። ውድድር ላይ የዋለ ጎማ ደግሞ እንደ ማስቲካ ይለሰልስና መሬት ላይ የወደቀ ላስቲክ ይለጥፋል። በማግስቱ ኩሽኔታ የተበላ እስኪመስል እያጉረመረመ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ መካኒኮቹ ምንም ሳይፈቱ በፊት ጎማውን ያዩታል፣ የጎማውን ቡሎን ጥብቀት ይፈትሻሉ። አንዳንድ የስፖርት መኪና ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚፋተግ ሳህን ስላለው ቀስ ብሎ በጠባብ ሲዞር ይንገጫገጫል። በልዩ ዘይት የሚሠራ ስለሆነ ብልሽት ላይሆን ይችላል።

አምስት «መቼ»

1. ጎማን ተከትሎ ነው ወይስ ሞተርን? ሜዳ መንገድ ላይ እኩል ፍጥነት ይዛችሁ ማርሽ ቀይሩ። የሞተሩ ዙር ተለውጦ ድምፁ ካልተለወጠ ከጎማ፣ ከኩሽኔታ፣ ከዘንግ ወይም ከዲፈረንሻል ነው። ቆማችሁ ነዳጅ ስትረግጡ አብሮ ከጨመረ ግን ከሞተር፣ ከፍሪሲዮን ወይም ከካምቢዮ በኩል ፈልጉ።

2. ሲዞር ነው? መሪ እስከ ጥግ ዞሮ ነዳጅ ሲሰጥ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ካለ፣ የፊት ጎማን የሚያሽከረክረው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ተበልቷል። ጎማው ጀርባ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ግራሶ ከተረጨ ማስረጃው እሱ ነው። ሽፋኑ ገና ሲቀደድ ቢቀየር ወጪው ትንሽ ነበር፣ አሸዋ ከገባ በኋላ ግን ዕቃው ራሱ ይቀየራል።

3. በፍጥነት የሚጨምር ጉርምርምታ ነው? በረጅም ኩርባ ወደ ግራ ስትዞሩ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል። ያኔ ከጨመረ ብዙ ጊዜ የቀኙ ኩሽኔታ ነው፣ ወደ ቀኝ ስትዞሩ ከጨመረ የግራው። ጋራዥ ውስጥ በክሪክ ተነስቶ፣ በመደገፊያ ከቆመ በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መወዝወዝ ነው። ከተንቀሳቀሰ ይፈተሻል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ።

4. ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ነው? አንዴ «ዷ» ብሎ ዝም የሚል ከሆነ የተላላ ነገር አለ ማለት ነው። የረጅሙ ዘንግ ክሮቼራ፣ የሞተር ወይም የዲፈረንሻል ጎሚኒ ሊሆን ይችላል። እንደ ፉጨት ያለ ዋይታ ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ ወይም ሲለቀቅ ብቻ ከመጣ ግን ዲፈረንሻል ጠርጥሩ። ይህኛው ውድ ነው።

5. ፍሪሲዮን ሲረገጥ ነው? በማንዋል መኪና ሞተሩ ተነስቶ፣ ማርሽ ሳይገባ ስሙ። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ድምፅ ፍሪሲዮኑን ከሚገፋው ኩሽኔታ ነው። ሲረገጥ የሚጠፋ፣ ሲለቀቅ የሚመለስ ከሆነ ካምቢዮው ውስጥ ያለ ኩሽኔታ ነው። ሁለቱንም ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት፣ ስለዚህ ፍሪሲዮኑም አብሮ ቢታይ ይሻላል።

ዘይት አይዋሽም

ድምፅ በሰው ጆሮ ይለያያል፣ ዘይት ግን ያለውን ያሳያል። የካምቢዮ ወይም የዲፈረንሻል ዘይት ማውጫው ቡሎን ብዙ ጊዜ ማግኔት አለው። እዚያ ላይ ቀጭን ግራጫ ጭቃ ቢኖር የተለመደ ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ቁራጭ ካለ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተሰበረ ነው። የተቃጠለ ሽታ ካለው ከመጠን በላይ ግሏል። ተጠንቀቁ፣ ለመሸጥ ሲባል ወፍራም ዘይት ሞልቶ ዋይታውን ማፈን የቆየ ዘዴ ነው። ወፍራም ዘይት ሲግል ይቀጥናል፣ ያኔ ድምፁ ይመለሳል። ለዚህ ነው መኪና ሳይሞቅም ሞቆም መሰማት ያለበት።

ቫን ውስጥ ሆናችሁ ብትሰሙስ?

እሑድ ወደ ዘሕሌ ስትሄዱ ከአንድ ጎማ በኩል ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ቢመጣና ወለሉ ቢንቀጠቀጥ፣ ሹፌሩን «አቁም» ለማለት አትፈሩ። እስከ መጨረሻ የተበላ ኩሽኔታ ጎማን እስከመንቀል ይደርሳል። ገንዘቡ ቢቀርም ወርዳችሁ ሌላ ቫን ያዙ።

ለቤተሰብ የምትልኩት

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚልኩት ቪዲዮ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ነው። አሁን እንዳያችሁት ከአምስቱ «መቼ» አብዛኞቹ መኪናው ካልሄደ አይታወቁም። ስለዚህ ይህን ቀድታችሁ ላኩላቸው፦

«ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሲነሳ ቅዳልኝ። ሰፊ ቦታ ላይ መሪውን ጥግ አድርሰህ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቀስ ብለህ ዙር። ዳገት ባለበት መንገድ ግማሽ ሰዓት ንዳው፣ ነዳጅ እየረገጥክና እየለቀቅክ። ስትነዳ ስልኩን ሌላ ሰው ይያዘው፣ መስኮት ይዘጋ፣ ራዲዮ ይጥፋ። መጨረሻ ላይ ሻጩ ያልመረጠው መካኒክ ከሥር ይየውና ዘይቱን ይፈትሽ።»

ሻጩ «ጊዜ የለኝም፣ ሌላ ገዢ ቆሟል» ካለ ይሽጥለት። ድምፅ ያለው መኪና መግዛት በራሱ ኪሳራ አይደለም። ድምፁ የምን እንደሆነ ከታወቀ የጥገናው ዋጋ ተጠይቆ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነሳል። ይህ ሁሉ ሳይሆን ግን ቀብድም ቢሆን አትላኩ።