አሥራ አምስት አፍ ያለው ነጭ ዓሣ

ጣና ሐይቅ ዳር፣ ደልጊ ወደብ ላይ ጀልባና ታንኳ ጭነቱን ሲያራግፍ የሚሰሙት የዓሣ ስሞች ጥቂት ናቸው። ጢማሙ፣ ቅርፊት የሌለው፣ ጠቆር ያለው አምባዛ ነው። ጎኑ ሰፋ ብሎ ጀርባው ላይ እሾህ የሚያቆመው ቆሮሶ ነው። ቅርፊቱ እንደ ብር የሚያብለጨልጨው ደግሞ በጅምላ ነጭ ዓሣ ይባላል፤ አንድ ላይ ይከመራል፣ አንድ ላይ ይሸጣል። ለወጥም ለጥብስም ያው ነው ብሎ የሚያልፈውን ሰው አልወቅስም። ግን አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላችሁ አፍ አፋቸውን ተመልከቱ።

አንዱ አፉ ወደ ታች የዞረ ነው፤ የሐይቁን ወለል እየጫረ ትል ይለቅማል። የሌላው ከንፈር ያበጠ እስኪመስል ወፍራም ነው፤ በድንጋይ መካከል የተሸሸገውን ነፍሳት መፈለጊያው ነው። ራሱ አጠር ያለው በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩትን ጥቃቅን እንስሳት ይመገባል። ሣርና ቅጠል የሚግጥም አለ። ከእነዚህ ሁሉ ጎን ደግሞ ሰውነቱ እንደ ጦር የረዘመ፣ አፉ እንደ በር የሚከፈት ይገኛል፤ እሱ ዓሣ በል ነው።

ነጭ ዓሣ የምንለው እንግዲህ አንድ ዓሣ አይደለም። 15 ዝርያ ነው። በሳይንስ ስማቸው ላቤዮባርበስ ይባላሉ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ጣና መጥቶ የተወሰኑትን ለዓለም አስተዋወቀ፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሌሎችን ጨመሩ። ጎርጎረንሲስ የተባለው በጎርጎራ፣ ጻነንሲስ የተባለው በራሱ በጣና ስም ተሰይሟል። ዛሬ የምናውቀውን ቆጠራ ግን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠሩት ከኔዘርላንዱ የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሊዮ ናኸልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ናቸው። ከእነሱ ጋርና ከእነሱም በኋላ ኢትዮጵያውያን የዓሣ ሊቃውንት ሥራውን እስካሁን አላቋረጡትም። ከ15ቱ ስምንቱ ዓሣ በል መሆናቸው ከሁሉ በላይ ያስገረማቸው ነገር ነበር።

የሚያስገርመው ለምንድን ነው? እነዚህ ዓሦች የካርፕ ቤተሰብ ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። እንደ ሌሎች አዳኞች ያለ ጨጓራም የለውም። ጥርስና ጨጓራ ሳይኖረው ማደንን ኑሮዬ ብሎ የያዘ ዘመዱ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ጣና ላይ ግን ስምንት ሆኑ።

መልሱ የሚገኘው በሐይቁ ታሪክ ውስጥ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል እንጂ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ተመራማሪዎች ወለሉን ቆፍረው ያወጡት ደለል እንደሚመሰክረው በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ሐይቁ ደርቆ ነበር፤ እንደገና የሞላው ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከወንዞቹ ወደ አዲሱ ሐይቅ የገቡት የነጭ ዓሣ ቅድመ አያቶች ሰፊ ቤትና ብዙ ባዶ ወንበር ጠበቃቸው። በታችኛው ዓባይ ውኃ ውስጥ ትንንሹን ዓሣ የሚያሳድዱ ጥርሳም አዳኞች አሉ። ወደ ጣና ግን ሊመጡ አይችሉም፤ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ጢስ ዓባይ ቆሟል። 40 ሜትር ያህል የሚወረወር ውኃ ሽቅብ የሚዘል ዓሣ የለም። የአዳኙ ቦታ ክፍት ሆኖ ቀረ። አፉ ከወንድሞቹ ትንሽ ሰፋ ያለው ትንንሽ ዓሣ እየያዘ ወፈረ፣ ብዙ ዘር ተካ፤ ከልጆቹም አፉ ይበልጥ የሰፋው ይበልጥ ዘር ተካ። ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ይኸው ነው፤ ማንም ዓሣ አዳኝ ልሁን ብሎ አልወሰነም። 15,000 ዓመት ለሰው ረጅም ቢመስልም በዝርያ አፈጣጠር ሚዛን እጅግ አጭር ነው።

ታዲያ ለውጡ እንዴት ፈጠነ? እኔን የሚስበኝ እዚህ ላይ ያለው ነገር ነው። ሰው በእያንዳንዱ ሕዋሱ ውስጥ 46 ክሮሞሶም አለው፤ አንድ እጅ ከእናት፣ አንድ እጅ ከአባት። ነጭ ዓሣ 150 ክሮሞሶም አለው፤ ሁለት እጅ ሳይሆን ስድስት እጅ ተሸክሟል። አንደኛው የዘረመል ቅጂ የተለመደውን ሥራ ሲሠራ ሌላው ለአዲስ ነገር ነፃ ሊሆን ይችላል። የሩሲያና የኢትዮጵያ የጋራ የሥነ ሕይወት ጥናት ቡድን ያደረገው ሙከራ ደግሞ አለ። ከጣና የመጣ ነጭ ዓሣ ጫጩቶች የታይሮይድ ሆርሞን መጠናቸው ተለዋውጦ ሲያድጉ አጥንታቸው የሚጠነክርበት ጊዜና የራሳቸው ቅርጽ ተለያየ። ዘረመሉ ላይ ማንም እጁን አላሳረፈም፤ የተቀየረው የዕድገቱ ሰዓት ብቻ ነው። ዘረመል እንደ ቤት ንድፍ የቆመ ነገር ሳይሆን እንደ ጠላ አዘገጃጀት ነው እላለሁ፤ ጌሾው ያው ሆኖ ጋኑና ቀኑ ሲለያይ ጣዕሙ ይለያል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አፍ ነው። ጠባይስ? የነጭ ዓሣ ትልቁ ጠባይ ክረምት ላይ ይታያል። ሐምሌ ሲጋመስ፣ ጎርፉ የወንዞቹን አፍ ሲያደፈርስ፣ ዓመቱን ሙሉ በሐይቁ ተበትኖ የከረመው ዓሣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ወደ መገጭና ወደ ድርማ መግቢያ ይሰበሰባል። ከዚያ ሽቅብ ይወጣል፤ ውኃው ጠርቶ በጠጠር ላይ የሚፈስባቸውን ትንንሽ ገባሮች ፈልጎ እንቁላሉን ጠጠሩ መካከል ይጥላል። ጉማራ ላይ በተደረገው ጥናት ሰባት ዝርያዎች ለዚህ ሲወጡ ተገኝተዋል፤ ሁሉም በአንድ ቀን አይሄዱም፣ ቦታውንም ጊዜውንም ተከፋፍለዋል። ተራ መያዛቸው ዘራቸው እንዳይደባለቅ አጥር ሆኖላቸዋል። የቀሩት ሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ይታመናል። ይህን ጉዞ ለልጅ የሚያስተምር እናት ዓሣ የለም፤ እንቁላሏን ጥላ ትመለሳለች። ልጁ ጉዞውን ይዞት ይወለዳል፤ መቼ እንደሚነሣ የሚነግረው ግን ዝናቡ ነው።

ጠባይ ከዘር ይመጣል ወይስ ከኑሮ በሚለው ጉዳይ ቋንቋችን ሁለት የሚጣሉ ተረቶች አሉት። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል አንዱ። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ይላል ሁለተኛው። የትኛው ልክ ነው ለሚል ሰው የምነግረው የዝንጀሮ ታሪክ አለኝ፤ እሱም የአገራችን ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ቆላ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮዎችን አጠና። ሃማድሪያስ የሚባለው ወንድ ሚስቶቹን ሰብስቦ ይጠብቃል፤ አንዷ ከራቀች አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል፣ እሷም ትከተለዋለች። አኑቢስ በሚባለው ዘንድ ሴቷ እንዲህ ያለ ባለቤት የላትም። ኩመር የአኑቢስ ሴቶችን አጥምዶ ሃማድሪያስ መንጋ ውስጥ ለቀቀ። ሴቶቹ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ መከተልን ተማሩ። የሃማድሪያስ ሴቶችን ወደ አኑቢስ ሲወስድ ደግሞ መከተሉን በዚያው ፍጥነት ተዉት። የጊደሯ ተረት እዚህ ላይ አሸነፈ። ነገር ግን ሁለቱ ዓይነቶች በሚገናኙበት በአዋሽ አካባቢ የሚወለዱት ቅይጥ ወንዶች ሴት ለመሰብሰብ ይሞክራሉ እንጂ እንደ ንጹሑ ሃማድሪያስ አይሆንላቸውም፤ መልካቸው ወደ አንዱ ባደላ መጠን ጠባያቸውም ወደዚያው ያደላል። ወንዱ ላይ የልጓሙ ተረት ይሠራል። አንድ መንጋ፣ ሁለት ተረት፣ ሁለቱም እውነት።

ሰው ዘንድ ስንደርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ አገር «የዘሩ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ጎድቷልና። ጣና ዳር ያሉትን ወይጦዎች አስቡ። ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ የራሳቸው ቋንቋም ነበራቸው። ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው፤ ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። በጥቂት ትውልድ ውስጥ ቋንቋና ሙያ ሲለወጥ ደማቸው ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም። በአመጋገባቸው ምክንያት ያገለሏቸው ሰዎች ግን ነገሩን ከደም ቆጥረውት ኖሩ። ይህ ስሕተት ብቻ ሳይሆን በደል ነው።

በእርግጥ ባህልም ሄዶ ሄዶ ዘረመልን የሚቀይርበት ጊዜ አለ። አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ጡት ከተወ በኋላ የወተትን ስኳር የሚፈጭበት ኢንዛይም ይቀንስበታል። ከብት ማርባት በጀመሩት ዘንድ ግን ኢንዛይሙ ዕድሜ ልክ እንዲቀጥል የሚያደርጉ የዘረመል ለውጦች ተስፋፍተዋል፤ በኢትዮጵያ አንድ ሳይሆን የተለያዩ ለውጦች ተገኝተዋል። ላሟን ያላመዷት እጆች የልጅ ልጆቻቸውን ሆድ ለወጡ። ለውጡ ያልደረሰው ሰውም ጾሙን አላደረም፤ በቅል እርጎ ማርጋትና አይብ ማውጣት የወተቱን ስኳር ይቀንሰዋል። ሰው አንዱን ችግር በደምም በቅልም ይፈታል።

ዓሣው ቅል የለውም፤ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። ከድሮ ጀምሮ ታንኳ ከዳር ብዙም አይርቅም ነበር። በ1986 (እ.ኤ.አ.) በኔዘርላንድ ዕርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ዓሣ አጥማጁ ነጭ ዓሣ ክረምት ላይ የት እንደሚሰበሰብ ከማንም ይበልጥ ያውቃልና መረቡ በወንዞቹ አፍ ተዘረጋ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያና በአሥር ዓመቱ መጨረሻ መካከል የነጭ ዓሣ ምርት በክብደት 75 በመቶ ወረደ። በወንዞቹ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃውን በመመረዝ የሚያጠምዱ አሉ። ርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል። 15,000 ዓመት ሙሉ ነጭ ዓሣን ያኖረው ጠባይ፣ በአንድ ወቅት በአንድ በር መሰብሰብ፣ ለመረቡ የተመቸ ወጥመድ ሆነ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ክረምት ላይ የወንዞቹን አፍ ማን እንደሚጠብቅ ግን በየዓመቱ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ እንደ ጣና የካርፕ ቤተሰብ ብዙ ዝርያዎች ነበሩት፤ ከውጭ በገባ ዓሣና ከልክ ባለፈ ማጥመድ አብዛኞቹ ጠፉ። አሁን በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ስብስብ ሳይበተን የቀረው ጣና ላይ ነው።

ከመረቡ አምልጦ ጠጠሩ ላይ የደረሰው እንቁላል ይፈለፈላል። ክረምቱ ሲያበቃና ወንዙ ሲጠራ ትንንሾቹ ከጅረቱ ጋር እየወረዱ ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ በዳር ባለው ሣር መካከልም ጥቃቅን ነፍሳት እየበሉ ይከርማሉ። በዚያ ዕድሜ አንዱን ዝርያ ከሌላው ለይቶ ማወቅ ለሊቃውንቱም ያስቸግራል። አፋቸው ሁሉ አንድ ነው፣ ምግባቸውም አንድ ነው፤ ከመካከላቸው ማን ትል ለቃሚ፣ ማን አዳኝ እንደሚሆን ገና አይታወቅም።