የሕፃኑ አፍንጫ ሲታፈን ምን እናድርግ?

አንባቢ ሆይ! ባለፈው ሳምንት እዚህ ሲሪንቃ፣ በትምህርት ሰዓት፣ ቁጥር ከ1 እስከ 60 እየቆጠርን ነበር። አንዲት እናት የ4 ወር ልጇን አዝላ መጣች። ሕፃኑ ግን አላስቆጠረንም። ጡት ይይዛል፤ ሁለቴ ይስባል፤ ይለቃል፤ ያለቅሳል። አፍንጫው በንፍጥ ተዘግቷል።

እናቲቱ «ልጄ ጡት ጠላ መሰለኝ» አለች። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እማማ «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥለት» አሉ። አንድ አባትም «ኧረ ቅቤ አቅምሱት» አሉ። እኔ ተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ከእናቲቱ ጋር ወደ ጤና ኬላው ሄድን። እዚያ ያየሁትንና ከመጽሐፍ ያነበብሁትን እነሆ ጽፌላችኋለሁ።

ሕፃኑ ጡት አልጠላም። እስቲ እናንተም ሞክሩት። አፍንጫችሁን በጣታችሁ ያዙና ውኃ ጠጡ። ጥቂት እንደተጎነጫችሁ ትንፋሽ ያጥራችኋል፤ ጣሳውንም ታስቀምጣላችሁ። ሕፃኑም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን የሚተነፍሰው ከሞላ ጎደል በአፍንጫው ነው። የአፍንጫው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ንፍጥ ይዘጋዋል። ጡት ሲይዝ ደግሞ አፉም ይዘጋል። ታዲያ በየት ይተንፍስ? ለዚህ ነው ጡቱን ለቆ የሚያለቅስ።

ንፍጡ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ «ብርድ መታው» እንላለን። ጉንፋንን የሚያመጣው ግን ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ሲያስል፣ ሲያነጥስ፣ ወይም ንፍጥ በነካው እጁ ሕፃኑን ሲዳብስ ይተላለፋል። ሰው ሲያነጥስ «ይማርህ» ማለት ደግ ነው። አፍና አፍንጫን በክንድ መሸፈን ደግሞ ከዚያ ይጨመርበት። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ በራሱ ይለቃል። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ መርፌና ክኒን አያስፈልገውም። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስን አይገድልምና።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሁለተኛ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ አፍልታችሁ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። ከድናችሁ አቀዝቅዙት። ቅመሱት፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ድፉትና እንደገና ሥሩ። የዛሬውን ለነገ አታሳድሩ።

ሦስተኛ፣ ሕፃኑን በጀርባው አስተኝታችሁ በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ሁለት ጠብታ አድርጉ። ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ እንደ ጧፍ ጠምዝዛችሁ፣ በዚያው ውኃ አርጥባችሁ፣ የወጣውን ንፍጥ በቀስታ ጥረጉ። ወደ ውስጥ ጠልቃችሁ አትግቡ። ይህን ጡት ከመስጠታችሁና ከማስተኛታችሁ በፊት አድርጉ።

አራተኛ፣ ጡት ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት በጥቂት ስጡት። 6 ወር ላልሞላው ከጡት በቀር ውኃም፣ አብሽም፣ ሻይም አይሰጠው።

የማይደረገውንም እንወቅ። ቅቤም፣ ዘይትም፣ የዳማከሴ ጭማቂም በሕፃን አፍንጫ አይጨመርም። ቅባት ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባውን ያቆስላል። እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈሳል፤ ቁስሉም ይመረቅዛል፤ አፍንጫ ግን አይከፍትም። ንፍጡን በአፍ መምጠጥም የእናቲቱን ጀርም ለልጅ፣ የልጁን ለእናት ያቀባብላል። ስታዝሉትም ነጠላው አፍንጫውን እንዳይሸፍነው ተጠንቀቁ።

ስለ ጢስም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የማቃጠል ልማድ አለ። ይህ በ1911 ዓ.ም. አገራችንን የመታው «የኅዳር በሽታ» መታሰቢያ ነው። በሽታው ዓለምን ያዳረሰ ኃይለኛ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ያን ጊዜ ጢስ በሽታ ያባርራል ተብሎ ታመነ። ዛሬ እንደምናውቀው ጢስ ቫይረስ አያባርርም፤ የሕፃኑን አፍንጫና ሳንባ ግን ያስቆጣል። ስለዚህ ኩበትና እንጨት ሲነድ ሕፃኑን ከምድጃው አርቁት። አውድማ ላይም ማሽላ ሲወቃ ከብናኙ ራቅ አድርጋችሁ አስተኙት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጉንፋን ሁሉ አይገድልም። ወደ ሳንባ ምች ሲዞር ግን ይገድላል። በምን እንለየዋለን? በቁጥር! ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ከሆዱ ገልጣችሁ፣ ሆዱ ወይም ደረቱ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ሰዓት ከሌለ ሞባይል ይበቃል።

2 ወር ላልሞላው 60ና ከዚያ በላይ፣
ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣
ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል። በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።

ጡት መሳብ ካቃተው፣ የደረቱ ታችኛ ክፍል ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካቃሰተ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ግን ቁጥርም አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልድያ ይዛችሁ ሩጡ። 2 ወር ያልሞላው ሕፃን ገላው ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ እንዲሁ ነው።

መከላከያም አለ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አንዱን ዋና የሳንባ ምች ጀርም የሚከላከል ክትባት በአገራችን ይሰጣል። ልጁ 6፣ 10 እና 14 ሳምንት ሲሆነው ይከተባል። ቀጠሮው በክትባት ካርዱ ላይ ተጽፏል። እንግዲህ ማንበብ ችላችኋል፤ ካርዱን አውጡና ራሳችሁ አንብቡት።

ያ ሕፃንስ እንዴት ሆነ? ትሉኝ ይሆናል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትቆጥር እናቲቱም አብራ ቆጠረች። ደቂቃው ሲሞላ ቁጥሩ 42 ነበር። ሳንባው ደኅና ነው ማለት ነው። አፍንጫው ሲጠረግለት ጡቱን ይዞ ሳይለቅ ጠባ፤ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። እናቲቱም ወደ እኔ ዞራ «ቁጥር ለገበያ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለች።

አንባቢ ሆይ! ይህን ያነበባችሁ ላላነበበው ጎረቤታችሁ አንብቡለት።