የተበላሸ ሽጉጥ ወደ ፋብሪካው ሲመለስ

እዚህ ቨርጂኒያ መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ቀለህ የሚነክስ ሽጉጥ ይዞ መጣ። «መንግሥት ካላስመለሰው ፋብሪካው አይቀይርልኝም» ብሎ ስድስት ወር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል።

መንግሥትን አትጠብቁ። የ1972ቱ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ሕግ ጦር መሣሪያን አይጨምርም፤ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽኑ የዳቦ መጥበሻ ማስመለስ ይችላል፣ ሽጉጥ ግን አይችልም። ራሳችሁ ለፋብሪካው ደውሉ፤ የመላኪያውን ወጪ ይሸፍን እንደሆነም ጠይቁ።

የፌዴራሉ ሕግ ባለቤቱ ለጥገና በቀጥታ እንዲልክ ይፈቅዳል፤ የተጠገነው ወይም ተመሳሳይ ምትኩም በቀጥታ ለእሱ ሊመለስ ይችላል። የግዛታችሁን ሕግ ግን አጣሩ።

ከመላካችሁ በፊት ካዝናውን አውጡ፣ አቀባብሉ፣ የጥይት ማጉረሻውን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ጥይት አብሮ አይላክም። የተነከሰውን ቀለህ ፎቶ አንሱት። ምትኩ በሌላ መለያ ቁጥር ሊመጣ ስለሚችል የኢንሹራንስ ወረቀታችሁን አስተካክሉ።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ መለያ ቁጥራችሁን ግን እንዳትለጥፉ።